«ባትሪው ሞቷል» ያልኩ ቀን

የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አንድ ማለዳ ከመገናኛ ሲኤምሲ የሚሠራ ዶልፊን ሚኒባስ ሾፌር ደወለልኝ። ቁልፉን ሲያዞር «ጠቅ» ይላል፣ ከዚያ ዝም። ገፍተው እንዳያስነሱት መንገዱ ዳገት ነው።

ካቦ (ኃይል ማሻገሪያ ወፍራም ገመዶች) እና ትርፍ ባትሪ ይዤ ሄድኩ። ቀዩን ከፖዘቲቭ ጋር አሰርኩ። ጥቁሩን፣ ባትሪ አጠገብ እሳት እንዳይፈነጥቅ፣ እንደ ደንቡ ሞተሩ ላይ ያዝኩት። ቁልፉ ከመዞሩ ተነሳ።

«ጋሼ፣ ባትሪው ሞቷል» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። በሌላ ባትሪ ተነሳ አይደል? ምን ጥርጥር አለው!

ሰውዬው የቀኑን ገቢ ይዞ ሶማሌ ተራ ሄደና አዲስ ባትሪ ገዛ። ገጠምኩለት። ቁልፉን አዞረ።

ጠቅ።

ላብ አጠመቀኝ። «እንግዲያው ሞተሪኖው ነው» ብዬ ያን ሞተር አስነሺ ክፍል አወረድኩት። ፈታሁ፣ አጸዳሁ፣ መሬት ላይ አስቀምጬ በቀጥታ ባትሪ ሰጠሁት። እንደ ጉድ ዞረ። መልሼ ገጠምኩ። ጠቅ። ግማሽ ቀን አለቀ። ረዳቱ አስፋልቱ ዳር ተቀምጦ ጫማውን ያያል፤ ሾፌሩ መናገሩን ትቷል። ከስድቡ ዝምታው ይከብዳል።

አማራጭ ሳጣ የጋራዡን አንጋፋ ኤሌክትሪሽያን ጠራሁ። አንጋፋው መጡና ምንም ሳይፈቱ «የፊት መብራቱን አብራ፣ ከዚያ ቁልፉን አዙር» አሉ። አዞርኩ። መብራቱ ንቅንቅ አላለም።

«አየህ? ባትሪ ቢደክም መብራቱ አብሮ ይፈዛል። ሞተሪኖ ቢቆልፍም ይፈዛል። ይሄኛው ግን አልፈዘዘም። ስለዚህ ኃይሉን የሚጠጣው የለም፤ መንገድ ላይ ቀርቷል።»

ቴስተሩን አወጡ። አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አደረጉ። በመሃላቸው ያለው ወፍራም የማሳ ገመድ (ኤሌክትሪኩን ከሞተሩ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመልሰው) ጤነኛ ከሆነ ቁልፉ ሲዞር ከግማሽ ቮልት በታች ነው የሚታየው። እኛ ያየነው 7 ቮልት ነው። ከ12ቱ ለሞተሪኖው የተረፈው ከ5 አይበልጥም ማለት ነው።

«እስቲ የነዳጅ መርገጫውን ሽቦ ንካው» አሉኝ። ነካሁ። ጣቴን አቃጠለኝ! የማሳው መንገድ ሲዘጋበት ኤሌክትሪኩ በዚያ ቀጭን ሽቦ ነበር የሚመለሰው።

ሾፌሩ ያኔ ነው ትዝ ያለው፤ ባለፈው ሳምንት ሌላ ቦታ ፍሪሲዮን አስቀይሯል። ለዚያ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ሲወርድ የማሳው ገመድ ተፈትቷል። ሲመለስ ብሎኑ በእጅ ብቻ ተጠምዝዞ፣ ያውም ግራሶ በተለቀለቀ ብረት ላይ፣ ተትቷል። ጠርገን፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን አጠበቅነው። ሁሉ ነገር 10 ደቂቃ አልፈጀም። በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ።

እኔን የሸወደኝ ያ ጠዋት ሞተሩ ላይ ያሰርኩት ጥቁር ካቦ ነው። የጠፋውን ማሳ ተክቶ ሠራ፤ እኔ ደግሞ ምስጋናውን ለባትሪው ሰጠሁ። ጥቁሩን ለአንድ ደቂቃ እንኳ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ባዛውረው ኖሮ መኪናው እንቢ ይል ነበር፣ እኔም እነቃ ነበር።

ከሾፌሩ ጋር የአዲሱን ባትሪ ዋጋ ለሁለት ተካፈልን፣ አሮጌውን እኔ ወሰድኩ። «ሞቷል» ያልኩት ባትሪ እስከ ቀጣዩ ክረምት ድረስ ጋራዡ ጥግ ተቀምጦ የሰው መኪና ሲያስነሳ ኖረ።