ዋንዛ ጀልባ ከውስጥ ውሃ እንዳትጠጣ

የእንጨት ሞዴል ጀልባ የሚያበላሻት፣ ብዙ ሰው እንደሚያስበው፣ ከውጭ የሚመታት ውሃ አይደለም። ውስጧ ገብቶ መውጫ ያጣው ነው። ከላይ የተከደነች ጀልባ ሐይቅ ላይ ስትሄድ በመሪዋ ቀዳዳ ወይም በክዳኗ ጠርዝ ጥቂት ጠብታ መግባቱ አይቀርም። ውስጧ ካልተቀባ ያ ጠብታ በቀጥታ እንጨቱ ውስጥ ይሰርጋል። እንጨት ደግሞ ውሃ ሲጠጣ በቁመቱ እምብዛም አይረዝምም፤ የሚያብጠው በጎኑ ነው። ጣውላው ሲያብጥ ውጭ ያለው ቀለም አብሮት መሄድ ያቅተውና በመጋጠሚያው ላይ ቀጭን ስንጥቅ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ውሃው በሁለቱም በኩል ይገባል።

እኔ ደሴ ውስጥ በርና ቁም ሳጥን የምሠራ አናጺ ነኝ። ጀልባ መሥራት የጀመርኩት በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው፤ አሁን ግን ክረምት ገብቶ የቤት ዕቃ ሥራ ሲቀዘቅዝ እጄ ራሱ ወደዚያ ይሄዳል። የምሠራው ከዋንዛ ነው። በደንብ የደረቀ ዋንዛ ለመላጊያ ይታዘዛል፣ እንደ ባህር ዛፍ አይጣመምም፣ ከበር የተረፈው ቁራጭም ሁልጊዜ አይጠፋም። ጥድም ያምራል፤ ነገር ግን ቅባት ያለው እንጨት ስለሆነ ቫርኒሽ ቶሎ አይደርቅበትም፤ ከመቀባቱ በፊት በቲነር ጥሩ አድርጎ መወልወል ያስፈልገዋል።

የሙያ ጓደኞቼ ሁልጊዜ የሚሉኝ፣ «ሲለር ንፋበት፣ ከላዩ ላከር ድገምበት፣ በአንድ ቀን አለቀልህ» ነው። ሲለር የእንጨቱን ቀዳዳ የሚደፍን የመጀመሪያ ቅብ ነው፤ ላከር ከላዩ የሚነፋው ቶሎ የሚደርቅ ቅብ ነው። ለቁም ሳጥን እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው። ለጀልባ ግን አይሆንም። የተለመደው የቤት ዕቃ ላከር ሲደርቅ ግትር ይሆናል፤ እንጨቱ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። ከዚህም ሌላ የደሴን ጉም ማሰብ ነው። ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንደሩን ሲያለብስ ላከር የነፋችሁ እንደሆነ ቲነሩ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፤ የአየሩ እርጥበት እላዩ ላይ ያርፍና ወተት የፈሰሰበት መስሎ ይነጣል።

ሥራው ቀለም ከመግዛት በፊት ይጀምራል። በጣውላዎቹ መጋጠሚያ ያለውን ክፍተት ብዙዎቻችን በኮላና በሰጋቱራ እንሞላለን። ተራው ነጭ ኮላ ግን ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይለሰልሳል። ስለዚህ ሰጋቱራውን በወንፊት ነፍቼ፣ ዱቄቱን ብቻ ወስጄ በኢፖክሲ፣ ሙጫና ማጠንከሪያ ተደባልቀው በሚጠጥሩት ፈሳሽ፣ አቦካዋለሁ። እንጨቱ ያው ዋንዛ ስለሆነ ቀለሙም ይቀራረባል። ሲደርቅ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ በ180፣ ከዚያ በ240 እፈገፍገዋለሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ ነገር አለ። ለስልሷል ብላችሁ ስትጨርሱ እርጥብ ጨርቅ አሳልፉበትና እንዲደርቅ ተዉት። በእጃችሁ ስትዳስሱት የተኛው ክር ሁሉ ቆሞ እንደገና ሻክሮ ታገኙታላችሁ። ያንን በ240 ቀስ አድርጋችሁ መልሱት። አሁን ያልቆመ ክር የመጀመሪያው ቅብ ሲነካው መቆሙ አይቀርም፤ ያኔ ደግሞ ቅቡ ይዞት ይደርቃል። ማታ መብራት አጥፍቼ የስልኬን ባትሪ ከጀልባዋ ጎን ጋር አስተኝቼ አበራለሁ። ቀን ያላየሁት ጭረት ሁሉ ጥላ ጥሎ ይታያል።

ቅቡን የምጀምረው ከውስጥ ነው፤ በዚህ ከማንም ጋር እከራከራለሁ። ለውስጡ የምጠቀመው ሁለቱን ፈሳሽ ደባልቀው የሚቀቡትን ኢፖክሲ ነው። ልኩን ፋብሪካው በጻፈው መሠረት በሚዛን እንጂ በዓይን አልገምትም። ማጠንከሪያውን መጨመር ቶሎ አያደርቀውም፤ ልኩ የተዛባ ኢፖክሲ ሳይጠነክር ይቀራል። ደባልቄም ጠባብ ብርጭቆ ውስጥ አላቆየውም፣ ሰፊ ሳህን ላይ ዘርግቼ ነው የምሠራው፤ ተጠራቅሞ ሲቀመጥ በራሱ ሙቀት ይግልና እጅ ላይ ይጠጥራል። ከሁሉ በላይ የማጠግበው የጣውላውን ጫፍ፣ የተቆረጠውን ራሱን ነው። እንጨት ውሃ የሚስበው ከገጹ ይልቅ በዚያ በኩል ነው፤ ዛፉ በሕይወት ሳለ ውሃ የሚያመላልስባቸው ቱቦዎች አፋቸውን ከፍተው የሚቀሩት እዚያ ነውና። ጫፉ ላይ ስትቀቡ ወዲያው ደብዝዞ ደረቅ ይመስላል። መጥጦት ነው። መምጠጡን እስኪያቆም ደጋግሙ።

የምቀባበት ሰዓትም ልዩነት ያመጣል። ጠዋት እንጨቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ቀቢው ቀብቶት ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ያለው አየር እየሞቀ ይሰፋና በቅቡ ውስጥ አረፋ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ጀልባዋን ቤት ውስጥ ሞቅ ያለ ቦታ አቆያታለሁ፤ የምቀባው ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ፣ ብርዱ መውረድ ሲጀምር ነው። እንጨቱ ሲቀዘቅዝ አየሩ ይሰበሰባል፣ ቅቡንም ወደ ውስጥ ይስበዋል። ቀዳዳዎቹ ሳይቀሩ ጠጥተው ያድራሉ።

በብርድና በእርጥበት የደረቀ ኢፖክሲ ሲነጋ ገጹ ቅባት ቅባት ሊል ይችላል። እሱን ሳታጥቡ በብርጭቆ ወረቀት ከፈገፈጋችሁት ወደ ውስጥ ትቀብሩታላችሁ፤ ቀጣዩ ቅብም አይይዝም። በሞቀ ውሃና በሻካራ ስፖንጅ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ከዚያ ነው የሚፈገፈገው። ክረምት ከበረታ እኔ ጀልባዋን ይዤ ኮምቦልቻ እህቴ ቤት እወርዳለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደሴ ግን 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል አየሩ ሌላ ነው። እዚህ ተጣብቆ የሚያድር ቅብ እዚያ ጠጥሮ ያድራል።

ጎረቤቴ ያሉ ጣውላ ነጋዴ ሐጂ ይህን ሁሉ ሲያዩ አንድ ቀን፣ «አንተ ልጅ፣ ተልባው እያለ በዚህ ሁሉ ብልቃጥ ምን ያደክምሃል?» አሉኝ።

«ሐጂ፣ አንቱ የሚሉት ለበርና ለወንበር ነው፤ ይቺ ውሃ ላይ የምትውል ናት» ብላቸው፣

«አብሽር፣ ሁለቱንም ሠርተህ አሳየኛ» አሉ።

ሠራሁ። ከአንድ ጣውላ ሁለት እኩል ቁራጭ ቆርጬ አንዱን በተልባ ዘይት፣ ሌላውን በኢፖክሲ ቀባሁ። ዘይቱ ጥሬ ስለነበር እስኪደርቅ ብዙ ጠበቅሁት። ከዚያ ሁለቱንም መዝኜ ሳፋ ውሃ ውስጥ አሳደርኩና፣ ጠዋት ጠራርጌ እሳቸው ፊት እንደገና መዘንኩ። የተልባው ከብዶ ወጣ፤ የኢፖክሲው ሚዛን አልተነቃነቀም ማለት ይቻላል። ሐጂ ሁለቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ካገላበጡ በኋላ፣ «መልኩ ግን የተልባው ይበልጣል» አሉ። በዚህ አልተከራከርኳቸውም። የተልባ ዘይት የዋንዛን ክር ጎላ አድርጎ ያወጣል፤ መደርደሪያ ላይ ለምትቀመጥ ጀልባ እኔም እሱን እመርጣለሁ። ውሃ ግን አያቆምም። የሚጠቀም ሰው ጨርቁን ይጠንቀቅ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ጨምድዳችሁ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ሙቀቱ ጨርቁ ውስጥ ከታፈነ ክብሪት ሳይነካው ሊቀጣጠል ይችላል። ሰጋቱራ በሞላበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

ውጭው እንግዲህ ቀላሉ ክፍል ነው። ኢፖክሲ ፀሐይ ሲበዛበት ቢጫ ይሆናልና ከላዩ የፀሐይ መከላከያ ያለበት ቫርኒሽ ወይም ዘይት ቀለም ያስፈልገዋል። በወፍራሙ አንዴ ከመቀባት በስሱ ደጋግሞ መቀባት ይሻላል፤ በየመካከሉ በ320፣ መጨረሻ ላይ በ400 ቁጥር ውሃ እየነከርኩ እፈገፍጋለሁ። ታችኛውን ቀለም ከላይኛው የሚለየውን መስመር የማገኘው፣ ባትሪዋንና ክብደቷን ጭኜ ሳፋ ላይ በማንሳፈፍ ነው። ውሃው የደረሰበትን ምልክት አድርጌ በውሃ ልክ በተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ አቆማታለሁ። እርሳስ በቁራጭ እንጨት ላይ በዚያው ከፍታ አስሬ ዙሪያዋን አዞረዋለሁ። በመስመሩ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፌ ጠርዙን በመጀመሪያ በቫርኒሽ እቀባለሁ፤ በሥሩ የሚሾልክ ካለ ቫርኒሹ ይሾልካል፣ ቀለሙ ግን ተከርክሞ ይቀራል። ፕላስተሩ የሚነሳው ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይጠጥር ነው።

ሲነካ የማይጣበቅ ቅብ ሁሉ በደንብ ደርቋል ማለት አይደለም። ጥፍሬን በማይታይ ቦታ ጫን አድርጌ ምልክት የሚተው ከሆነ ወደ ሐይቅ አልወርድም። የእህቴ ልጅ በዚህ ይነጫነጫል። «ጋሼ፣ ደርቋል እኮ!» ይላል። የአርዲቦ ሐይቅም፣ «ሐይቅ» የሚባለው ሐይቅም የትም አይሄዱም፣ ሳምንት ይጠብቃል።

የመሪውና የሞተሩ ዘንግ ቀዳዳዎች ከቅቡ በፊት መበሳት አለባቸው። ቢቻል ቀዳዳውን ከሚያስፈልገው ሰፋ አድርጋችሁ ብሱት፣ በኢፖክሲ ሙሉት፣ ሲጠነክር በትክክለኛው ልክ መሃሉን እንደገና ብሱት። ዘንጉ ከእንጨት ጋር ሳይሆን ከኢፖክሲ ጋር ብቻ ይገናኛል። ከቅቡ በኋላ የተበሳች አንዲት የብሎን ቀዳዳ እንኳ ብትኖር፣ ብሎኑን ነቅላችሁ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ኢፖክሲ አስገቡባት። ዘንጉ የሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ ደግሞ ግራሶ ሙሉበት፤ ውሃ ላይ ከዋለች በኋላም ግራሶው ነጥቶ ከወጣ ጥረጉና በአዲስ ተኩ።