ወንድሜን ስም ከሌላቸው አጽሞች መካከል እንዴት አገኘሁት

ሰው ጠፍቶባችሁ ፍለጋ የጀመራችሁ ከሆነ፣ የዲኤንኤ ናሙና ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አንብቡት። እኔ ታናሽ ወንድሜን በመጨረሻ አግኝቼዋለሁ፤ ያገኘሁት ግን አጽሙን ነው። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ፣ አብዛኛው ጊዜያችን የባከነው እሱ በሌለበት ቦታ ስንፈልገው አለመሆኑ ነው። የባከነው አጽሙ ተገኝቶ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ከእኔ ናሙና ጋር ተነጻጽሮ፣ «እሱ አይደለም» ተብለን ከተመለስን በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሊደርስብን እንደሚችል የነገረን ሰው አልነበረም።

ማመልከቻው ላይ ብዙ አልቆይም። ወንድሜ ሳይመለስ የቀረ ማታ ፖሊስ ጋ ሄድን፤ «24 ሰዓት ይሙላው፣ ይመጣ ይሆናል» አሉን። አትስሟቸው። መጠበቅ ማለት ምስክር የሚገኝበትንና የካሜራ ምስል ሳይጠፋ የሚደረስበትን ሰዓት መጣል ነው። የመዝገብ ቁጥሩንና የተቀበላችሁን ሰው ስም ሳትይዙ ከዚያ ቢሮ አትውጡ።

ቀጥሎ ረጅሙ ቅጽ ይመጣል። ኢንተርፖል ለጅምላ አደጋዎች ያዘጋጀው ቅጽ ሁለት ቀለም አለው፤ ቢጫው ስለጠፋው ሰው ቤተሰብ ተጠይቆ የሚሞላ፣ ሮዙ ከአስከሬኑ ላይ የሚሞላ ነው። እኛ የሞላነው ሌላ ቢሆንም ሐሳቡ ያው ነው፤ ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ቀን ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ስለዚህ የምትጽፉት ነገር አጥንት ላይ ሊታይ የሚችል ይሁን። መልክና የቆዳ ቀለም ለአጽም አይረዱም። ልብስም ይዋሳል፣ ይሸጣል፣ ይቀየራል። ዋናዎቹ መለያዎች ሦስት ናቸው፦ የጣት አሻራ፣ ጥርስና ዲኤንኤ። ሥጋው ካለቀ አሻራ የለም፤ ሁለቱ ብቻ ይቀራሉ።

የጥርስ ራጁን ፍለጋ ስሄድ ክሊኒኩ የቆዩ መዝገቦቹን አስወግዶ ነበር። እናንተ በመጀመሪያው ሳምንት ሂዱ። እኛ በምትኩ ሲስቅ የተነሳቸውን ፎቶዎች ሰጠን፤ የፊት ጥርሶቹ መደራረብ በደንብ ይታያል። አጥንቱ ውስጥ ብረት የገባለት ሰው ከሆነ ደግሞ ብረቱ ላይ ቁጥር ሊኖር ይችላልና የሆስፒታሉን ወረቀት ፈልጉ። ወንድሜ ብረት አልነበረውም፤ በልጅነቱ ግን ግራ ክንዱ ተሰብሮ ትንሽ ጠመም ብሎ ድኗል። እናቴ «ይሄ ምን ያደርጋል?» ብትልም ጻፍኩት። የጥርስ ብሩሽና ምላጭም ይጠቅማሉ፤ ሌላ ሰው ያልተጠቀመበት ከሆነ ሳታጥቡት በወረቀት ከረጢት አስቀምጡት። ላስቲክ እርጥበት ይይዛል፣ ያሻግታል። የእኛው ልጅ የራሱን ዕቃ ሁሉ በቦርሳው ይዞ ነበር የሄደው።

አንድ ጊዜ ደግሞ ጠርተውን የሟች ፊት ፎቶ አሳዩን። «እሱ ነው አይደል?» የሚል አጠያየቅ ነበር። አጎቴ አልቅሶ «እሱ ነው» አለ። እኔ አልፈርምም አልኩ፤ አሻራው ይታይ ብዬ ቆምኩ። አሻራው ሲታይ የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ሞት ፊትን ያሳብጣል፣ ያጠቁራል፤ ያዘነ ዓይን ደግሞ የፈራውን ያያል። በፊት ብቻ መለየት እንደማያስተማምን የኢንተርፖል መመሪያም ይናገራል። ፈርመን ቢሆን ኖሮ የሌላ ሰው ልጅ ቀብረን፣ የዚያንም ቤተሰብ ፍለጋ መና አስቀርተን ነበር። ማንም ቢያጣድፋችሁ ፊት አይታችሁ አትፈርሙ።

ያልታወቁ አስከሬኖችን ዝርዝር እራሴ ማንበብ ስጀምር መርማሪው «ይህን ለእኛ ተዉት፣ ራሳችሁን ታሰቃያላችሁ» አለኝ። አልተውኩም፤ እናንተም አትተዉ። በዕድሜ ብፈልግ ኖሮ አላገኘውም ነበር፤ ወንድሜ 31 ዓመቱ ነበር፣ ዝርዝሩ ላይ የተጻፈው ግን «ወንድ፣ ከ35 እስከ 50» ነው። የጎልማሳ አጽም ዕድሜ በግምት የሚቀመጥ ነው፣ ግምቱም ይስታል። ቁመትም እንዲሁ። ማጣሪያውን ሁሉ አጥፍቼ አንድ በአንድ ሳነብ ከአንዱ ቁጥር ሥር «በግራ ክንድ አጥንት ላይ የዳነ ስብራት» የሚል አየሁ። በማግስቱ ጠዋት ቢሮው በር ላይ ነበርኩ።

ናሙና ልንሰጥ ሦስታችን ሄድን፤ እናቴ፣ የአባቴ ወንድም የሆነው አጎቴና እኔ። አባታችን ካረፈ ቆይቷል። ናሙና ተቀባዩ ከጠረጴዛው ቀና ሳይል «አንድ ሰው ይበቃል» አለ። እናቴ ቀድማ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። «እማማ፣ እርስዎ አይድከሙ፤ ልጅዎ ትበቃለች» ብሎ አስነሳት። አጎቴንም እንደዚሁ መለሰው። ከእኔ ጉንጭ ውስጥ በጥጥ ወሰደና ፖስታው ላይ ስሜን ጻፈ። ለምን አንድ ብቻ እንደሆነ ስጠይቀው «መመሪያው ነው» አለኝ። መመሪያውን አሳየኝ ስለው ተራ የሚጠብቅ ሰው ጠራ።

ከዚያ በኋላ ስደውል «በሂደት ላይ ነው»፣ ስሄድ «ጉዳዩን የያዘው ሰው የለም»። በመጨረሻ ውጤቱ በስልክ ተነገረኝ። «አልተዛመደም። እሱ አይደለም። ተዘግቷል።» እናቴ ያን ቀን ደስ አላት። ዛሬም ይቅር የማልለው ይሄን ነው። ልጄ በሕይወት አለ ብላ እንደገና በር በር ማየት፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር መነሳት ጀመረች። በውሸት ተስፋ ያኖሯት ሰዎች አንድ አንቀጽ በትክክል ማንበብ የተሳናቸው ናቸው።

እኔን ያ የዳነ ስብራት እንቅልፍ ነሳኝ። ውጤቱን በጽሑፍ ስጡኝ አልኩ። «የውስጥ ሰነድ ነው» አሉ። በጽሑፍ ጠየቅሁ፣ በጽሑፍ ከለከሉኝ፤ ክልከላውን ይዤ ወደ በላይ አካል ሄድኩ። ከብዙ ምልልስ በኋላ አንዲት ገጽ ሰጡኝ። የላቦራቶሪው ሪፖርት ላይ «እሱ አይደለም» የሚል ቃል የለም። የሚለው ይህን ነው፦ ከአጥንቱ የተገኘው መረጃ ከግማሽ በታች ነው፤ ከአንዲት እህት ጋር ሲነጻጸር ዝምድናን ለመደገፍም ለመካድም አይበቃም፤ የእናት ወይም የሌሎች የቅርብ ዘመዶች ናሙና እንዲጨመር ይመከራል። ላቦራቶሪው እናቴን እየጠየቀ ነበር። ቢሮው ወንበር ላይ ተቀምጣ የነበረችውን እናቴን አስነስቶ፣ ጥያቄውን መዝገብ ውስጥ ቀብሮ፣ ለእኛ «አይደለም» አለን።

አንድ የአስከሬን ምርመራ (ፎረንሲክ) ባለሙያ በትዕግስት ቁጭ ብላ ያስረዳችኝን ላስረዳችሁ። በምርመራ በሚታየው በእያንዳንዱ የዘረመል ቦታ ላይ ልጅ ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ቅጂ ይወስዳል። ስለዚህ እናትና ልጅ በየቦታው ቢያንስ አንድ ይጋራሉ፤ በአልፎ አልፎ የሚከሰት ለውጥ ካልሆነ በቀር ይህ አይስትም። ወንድምና እህት ግን ከወላጆቻቸው የወረሱት ዕጣ የተለያየ ሊሆን ይችላል። በአንድ ቦታ ላይ ከወላጆቻቸው የመጣ ምንም የጋራ ነገር የማይኖራቸው ዕድል ከ4 አንዱ ነው። አጥንቱ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ቆይቶ ግማሽ ገጹ እንደተቀደደ ደብዳቤ ሲሆን ደግሞ፣ በቀረው ግማሽ ላይ አንዲት እህት ብቻዋን ብዙም አትመሰክርም። ወላጅ ወይም የጠፋው ሰው ልጅ ከሌለ፣ አንድ ሳይሆን ብዙ ወንድምና እህት ያስፈልጋል።

ሌላም መንገድ ነበር፤ አልሞከሩትም። ሚቶኮንድሪያ የሚባለው የሕዋስ ክፍል የራሱ ዲኤንኤ አለው፤ ከእናት ብቻ ይወረሳል፣ በአንድ ሕዋስ ውስጥም በመቶዎችና በሺዎች ቅጂ ስላለ በአረጀ አጥንት ውስጥ ይቆያል። የእኔና የወንድሜ አንድ ዓይነት ነው። ብዙ ሰው ስለሚጋራው ብቻውን ማንነት አያረጋግጥም፤ ባይገጥም ኖሮ ግን «እሱ አይደለም» ለማለት ይበቃ ነበር። ወንዶች ብቻ ያላቸው ዋይ ክሮሞዞም የሚባለው የዘር ክፍል ደግሞ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ይተላለፋል። እኔ ሴት ነኝ፣ የለኝም። ያለው አጎቴ ጋ ነበር፤ እሱንም ከበር መለሱት።

ይህ አዲስ ዕውቀት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የጠፉ ሰዎች ኮሚሽን በቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ ከየቤተሰቡ የበርካታ ዘመዶችን ደም ሰብስቧል። በቦስኒያዋ ስሬብሬኒትሳ እ.ኤ.አ. በ1995 ከተገደሉት 8,000 ገደማ ወንዶችና ወጣቶች የብዙዎቹ አጽም በማሽን ተቆፍሮ ወደ ሌላ ጉድጓድ ስለተጋዘ፣ የአንድ ሰው አጥንት በተለያዩ መቃብሮች ይገኝ ነበር። ከእነሱ ወደ 7,000 የሚጠጉት ማንነታቸው ታውቋል። በአርጀንቲናም በወታደራዊው መንግሥት ዘመን የተሰረቁ የልጅ ልጆቻቸውን የሚፈልጉ አያቶች ደማቸው እነሱ ካለፉ በኋላም እንዲመሰክር ታግለው፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የዘረመል ባንክ በሕግ ተቋቁሟል። እነዚያ አያቶች የገባቸው ነገር ናሙና ተቀባዩ ጠረጴዛ ላይ አልደረሰም።

ስለዚህ «አንድ ሰው ይበቃል» ቢሏችሁ እሺ አትበሉ። መጀመሪያ የሚቀመጡት ሽማግሌዎቹ ይሁኑ፤ እናት፣ አባት፣ ከዚያ የጠፋው ሰው ልጆች። ልጆች ካሉት የልጆቹ እናትም ትስጥ፤ የእሷ ድርሻ ከታወቀ የእሱ ይለያል። አንድ ወላጅ ብቻ የሚጋሩ ወንድሞች ካሉ በግልጽ ተናገሩ። የቤተሰብ ምስጢር እዚህ ጋ ከተደበቀ ስሌቱ ሁሉ ይበላሻል፤ ባለሙያውን ብቻውን አግኝታችሁ ንገሩት። ናሙናው የት እንደገባ፣ ከየትኛው መዝገብ ጋር እንደተነጻጸረም ጠይቁ። መሰጠትና መነጻጸር አንድ አይደሉም። ሰውየው ድንበር ተሻግሯል ብላችሁ የምትጠረጥሩ ከሆነ፣ ኢንተርፖል እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ያደረገው አይ-ፋሚሊያ የሚባል የቤተሰብ ዲኤንኤ ማነጻጸሪያ አለ። ቤተሰብ በቀጥታ አያመለክትም፣ የየአገሩ ፖሊስ ነው የሚልከው፤ እነሱ ካላነሱት እናንተ በስሙ ጥሩላቸው። ውጤት ሲነገራችሁ ደግሞ የላቦራቶሪውን ወረቀት እንጂ የስልክ ቃል አትቀበሉ።

በሁለተኛው ጊዜ ያቺ ባለሙያ ራሷ እቤት መጥታ ከእናቴ ናሙና ወሰደች። እናቴ በዚያን ጊዜ መራመድ ተቸግራ ነበር። አጎቴም ሰጠ። ከአጽሙም አዲስ ናሙና ተወሰደ፤ አሁን የተመረጠው ከጆሮ በስተ ውስጥ ያለው ድንጋይ መሳይ የራስ ቅል አጥንት ነበር። በጣም ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ዲኤንኤን ከሌላው አጥንት የተሻለ ይጠብቃል። ውጤቱ ሲመጣ የሚያጠራጥር ነገር አልነበረውም። በእናት በኩልም በአባት በኩልም ገጠመ፤ ጥርሶቹ ከፎቶዎቹ ጋር፣ ክንዱም ቅጹ ላይ ካሰፈርኩት ጋር ገጠሙ። እናቴን ወንበር ላይ ለማስቀመጥ ብንታገል ኖሮ ይህን ሁሉ በመጀመሪያው ዙር ልናገኘው እንችል እንደነበር ባለሙያዋ አልደበቀችኝም።

እናቴ ሰምታ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፦ «እስከ ዛሬ የት ነበር?» መደርደሪያ ላይ፣ ቁጥር የተጻፈበት ሳጥን ውስጥ እንደነበር ነገርኳት። «እኔ በር በር ሳይ?» አለች። አዎ አልኳት። መዋሸት አልቻልኩም።

የተሰጠን ሙሉ አጽም አይደለም። ስንረከብ አንድ ቅጽ አለ፤ ወደፊት ሌላ አጥንት ከተገኘ እንዲነገራችሁ ትፈልጋላችሁ ወይስ አትፈልጉም ይላል። በለቅሶ መሐል እንዲፈረም ያቀርቡታል። ወደ ቤት ውሰዱት፣ ተመካከሩበት። እናቴ አንድ ጊዜ መቅበር ይበቃኛል አለች፤ እኔ ግን እንዲነገረኝ በራሴ ስም ፈርሜያለሁ፣ ናሙናዬም ከመዝገቡ እንዳይወጣ ጠይቄያለሁ።

ከቀብሩ በኋላ ወደዚያ ቢሮ ተመልሼ ሁለት ነገር አመለከትኩ። አንደኛ፣ «አልተዛመደም» ተብሎ የተጻፈው እንዲታረም። ሁለተኛ፣ በዚያው ሰው እጅ፣ በአንድ ዘመድ ናሙና ብቻ ተነጻጽረው የተዘጉ ሌሎች መዝገቦች እንደገና እንዲከፈቱ። የመጀመሪያውን አርመው ደብዳቤ ሰጡኝ። ስለ ሁለተኛው እየተጠና ነው ይላሉ፤ እኔም በየወሩ መጀመሪያ እየደወልኩ ነው።