«ማሙሽን እቀፊው»

ዛሬ የእህቴን ልጅ ለቀጠሮ ይዤው ከፒያሳ ታክሲ ገባን። ወያላው «እህት፣ ማሙሽን እቀፊው፣ ሰው ላስገባ» አለኝ። ማሙሽ 14 ዓመቱ ነው! ታላሴሚያ አለበት፤ በዘር የሚወረስ የደም ችግር። በየወሩ ደም ይወስዳል።

ሐኪሟ እንዳስረዳችን አንድ ከረጢት ደም 200 ሚሊግራም ያህል ብረት ይዞ ይገባል። ሰውነት ትርፉን የሚያስወጣበት መንገድ የለውም። ብረቱ አንጎል ስር ያለች፣ አተር የምታህል እጢ ውስጥ ይጠራቀማል። የእድገቱም የጉርምስናውም ሆርሞን ትእዛዝ የሚወጣው ከእሷ ነው። ለካ ብረት የሚያስወጣውን ኪኒን አትዝለል የሚሉት ለዚህ ነው (እሱ ሆዬ ትራስ ስር ይደብቀዋል)። የአጥንቱን ዕድሜ ለማየት የግራ እጁን ራጅ አነሱት።

እሱ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ፦ «ጢም መቼ ነው የማበቅለው?»

ስንመለስ የሁለት ሰው ሂሳብ ቀድሜ ከፈልኩ። መስኮቱ ጋ ለብቻው ተቀመጠ።