100 ነው ወይስ 92?

ዛሬ ከሰባተኛ ክፍል ልጆቼ ጋር ውሃ አፈላን። መጀመሪያ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ገምቱ ስላቸው ሁሉም በአንድ ድምፅ «100 ዲግሪ!» መጽሐፉ ላይ አለቻ። ውሃው ተንፈቀፈቀ፤ ቴርሞሜትሩ ግን 92 አካባቢ ቆሞ አልነቃነቅ አለ። ደብተር ለደብተር እየዞርኩ ሳይ ግማሹ ክፍል 100 ብሎ ጽፏል! (አልፈርድባቸውም፤ እኔም ለማርክ ስል ዓይኔን ክጄ አውቃለሁ።)

ከኋላ ወንበር አንዷ ብቻ «ቲቸር፣ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ይሆን?» አለች። ሌላ አመጣን፤ ያው 92። «እሳቱ አንሶ ነው» አለ አንዱ። ጨመርን፤ ፍንክች የለም።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ መሆኗን፣ የአየሩ ግፊትም እዚህ እንደሚቀንስ፣ ግፊቱ ሲቀንስ ደግሞ ውሃ ከ100 በታች እንደሚፈላ የነገርኳቸው ደወሉ ሊደወል ሲል ነው። ልጅቷ እየወጣች፦ «ታዲያ ጅቡቲ ወስደን ብናፈላውስ?»

«ገምተሽ ነገ ንገሪኝ» አልኳት።