ሮዳጅ፦ ከፍራንክፈርት እስከ ሮም

መኪናዋን የተረከብን ዕለት አባቴ ስለ ቀለሟም ስለ ዋጋዋም አልጠየቁም። የኋላውን የዕቃ መጫኛ ከፈቱ፣ ምንጣፉን ገለጥ አደረጉና ወደ እኔ ዞረው «ስኮርቱስ?» አሉኝ። ስኮርት የለም። ብዙዎቹ የዛሬ አዳዲስ መኪኖች ትርፍ ጎማ ይዘው አይመጡም፤ በቦታው መድፈኛ ፈሳሽ የያዘ ጠርሙስና ትንሽ የአየር መሙያ ተቀምጧል። ጠርሙሱን አገላብጠው አዩት፣ ምንም ሳይሉ መለሱት። ዕድሜያቸውን ሙሉ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ የሠሩ መካኒክ ናቸው፤ ዝም ሲሉ ነገሩ እንዳልተዋጠላቸው አውቃለሁ።

ከግቢው ስንወጣ ደግሞ «ሮዳጅ ላይ ናት፤ አታስሩጣት» አሉኝ።

ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ከእሳቸው አፍ ስሰማው ኖሬአለሁ። አዲስ ሞተር ውስጥ ያሉ ብረቶች ገና እርስ በርስ አልተላመዱም፤ የፒስተኑ ቀለበቶች ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በቀስታ እየተፋጩ ነው የሚገጥሙት። የመኪናችን መመሪያ ደብተርም የሚለው ያንኑ ነው፦ እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ድረስ ነዳጅ እስከ ወለሉ አትርገጥ፣ ለረጅም ጊዜ በአንድ ፍጥነት ብቻ አትንዳ። የአዲስ ጎማ ቆዳም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች አስፋልቱን በደንብ አይቆነጥጥም፤ የፍሬን ሸራውም እስኪላመድ ጊዜ ይፈልጋል።

አባቴ ለሁለት ወር ሊጠይቁን ፍራንክፈርት መጥተው ነበር። ሮምን ሳያዩ እንዳይመለሱ ከባለቤቴ ጋር ተማክረን ነበርና የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 እስኪፈታ ጠብቀን ለመነሣት ወሰንን። እኔ ማታ ማታ እየተቀመጥኩ አሥራ አንድ ማረፊያ ወረቀት ላይ ጻፍኩ፦ ሃይደልበርግ፣ ስትራስቡርግ፣ ዙሪክ፣ ኮሞ፣ ሚላኖ፣ ቬኒስ፣ ፍሎረንስ፣ ፒሳ... ወረቀቱን ለአባቴ ሳሳያቸው በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ተከተሉትና «ልጄ፣ የምናርፈው የት ላይ ነው?» አሉ።

እውነታቸውን ነበር። ወረቀቱን ቀደድኩትና እንደገና ጀመርን። በቀን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ላለመንዳት ተስማማን፤ ሮዳጁም የአባቴ ጉልበትም ከዚያ በላይ አይፈቅዱም። የቆምንበት ቦታ ሁሉ ቢያንስ አንድ ሌሊት እናድራለን። ከዚያ በተረፈ መኪናው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ይመርጣል፤ ለምን እንደመረጠ ግን ለሌሎቹ መናገር አለበት። «ዝነኛ ስለሆነ» የሚል ምክንያት አይሠራም። በዚህ ሚዛን ፒሳም ዙሪክም ወደቁ። እኔ ጎታ የምትባለውን የጀርመን ከተማ መረጥኩ፣ አባቴ ሙኒክን፣ ባለቤቴ የጋርዳን ሐይቅ። የዘጠኝ ዓመት ልጃችን በሥዕል ያየቻትን፣ ገደል ጫፍ ላይ የተቀመጠችውን የጣሊያኗን ኦርቪዬቶን አለች። ከፍራንክፈርት ሮም በአጭሩ መንገድ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የእኛው ከ1,500 በለጠ።

ጎታ ከመንገዳችን ውጪ ናት። ወደ ደቡብ ለመሄድ መጀመሪያ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ መንዳት ማለት ነው። ቤተሰቤን ያሳመንኩት አንድ ታሪክ ነግሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ የቋንቋ ምሁር፣ የኤርፉርት ተወላጅ፣ ሮም ውስጥ ከአንድ ኢትዮጵያዊ ካህን ጋር ተዋወቀ። ካህኑ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት ጋበዟቸውና አባ ጎርጎርዮስ የአልፕስን ተራሮች ተሻግረው ጎታ ድረስ መጡ፤ እኛ በምቾት የምንወርደውን መንገድ እሳቸው ከሮም ወደ ሰሜን ወጡት። በቤተ መንግሥቱም ከሉዶልፍ ጋር ተቀምጠው ስለ ግዕዝ፣ ስለ አማርኛ፣ ስለ አገራቸው አስረዱት። ሉዶልፍ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ የታተሙትም እኛ በምንኖርባት በፍራንክፈርት ነው። በዚህች ከተማ ስንት ዓመት ስኖር ይህን አላውቅም ነበር። ሳውቀው ደግሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ኮረብታ ላይ የተቀመጠ ትልቅና ቀጥ ያለ ሕንፃ ነው፤ ጌጥ አላበዙበትም። ግንባታው የተጀመረው በ1643 ስለሆነ አባ ጎርጎርዮስ ሲደርሱ ገና ሠራተኛ አልወጣለትም ነበር። ግቢው መሀል ቆመን ልጄ «አባ የትኛው ክፍል ነበር ያደሩት?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። አባቴ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው ነበር። ከጎታ ከወጡ በኋላ አባ ጎርጎርዮስ አገራቸውን ዳግም አላዩም፤ በ1658 ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ባሕር ላይ መርከባቸው ተሰብሮ አረፉ። ያን ዕለት ማታ ሆቴል ውስጥ አባቴ ለነፍሳቸው ጸልየዋል።

ወደ ሙኒክ ስንወርድ መንገዱ የቱሪንገንን ጫካ በሬንሽታይግ ዋሻ ይሻገራል፤ ርዝመቱ ወደ 8 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ በጀርመን ትልቁ የመኪና ዋሻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው አውራ ጎዳና ነው፤ ብዙ የሚወራለት የለም። የሚያልፉን መኪኖች እንደ ጥይት ናቸው፤ እኛ ከ100 እስከ 120 እየቀያየርን በቀኝ መስመር ተጓዝን። አባቴ ዳቦ ቆሏቸውን እየቆረጠሙ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣሉ።

ሙኒክን የመረጡበት ምክንያት ማሞ ወልዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972ቱ ኦሎምፒክ ማሞ በ40 ዓመቱ ማራቶን ሮጦ 3ኛ ወጣ፤ ምሩፅ ይፍጠርም በ10,000 ሜትር 3ኛ ሆነ። አባቴ ያኔ ወጣት የጋራዥ ሠልጣኝ ነበሩ፤ ሥራ አቁመው በሬዲዮ እንደተከታተሉ ይናገራሉ። የኦሎምፒክ ፓርኩ ኮረብታ የተሠራው በጦርነቱ ከፈረሰው የከተማዋ ፍርስራሽ ነው፤ አሁን ሣር ለብሷል። በዝግታ፣ ሦስት ጊዜ እያረፍን ወጣነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለነበር በስተደቡብ አልፕስ ይታያል። «ነገ የምንወጣው ያንን ነው?» አሉ። አዎ ስላቸው «ታዲያ ዳገቱ ላይ ማርሽ ቀንስላት፣ አታስጨንቃት» አሉኝ።

ከኦስትሪያ ወደ ጣሊያን በሚያሻግረው የአልፕስ በር፣ በብሬነር፣ ለሚሄድ ሰው ሁለት ነገር ልበል። የኦስትሪያን የአውራ ጎዳና ቪኜት፣ ማለትም የመንገድ ክፍያ ማስረጃውን፣ ድንበሩ ሳይደርስ ይግዛ፤ ከኢንስብሩክ እስከ ብሬነር ያለው መንገድ ግን ለብቻው ይከፈልበታል። በሐምሌ ወር ቅዳሜ ቀን ደግሞ አይሞክረው፤ ግማሽ ጀርመን በዚያ በር ነው የሚወርደው። እኛ ሐሙስ አለፍን። 190 ሜትር ከፍታ ያለው የአውሮፓ ድልድይ ላይ ባለቤቴ ዓይኗን ጨፈነች። የበሩ ከፍታ 1,370 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው እንግዲህ ቁልቁለት መውረድ ነው።

ጋርዳ ላይ አራት ሌሊት አደርን፤ ባለቤቴ ልክ ነበረች። ከጣሊያን ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ጣና ስምንት እጥፍ ያህል ይበልጠዋል፣ ግን በሰሜን ጫፉ ተራሮቹ ውሃው ላይ ቀጥ ብለው ስለሚወርዱ ሌላ ዓይነት ግርማ አለው። ጠዋት ከሰሜን የሚነፍሰው ንፋስ ከሰዓት በኋላ ዞሮ ከደቡብ ይመጣል። ያን ንፋስ እየጠበቅን ዋልን። ምንም አላየንም ማለት ይቻላል፤ ዋኘን፣ ተኛን፣ አባቴና ልጄ ቼዝ ተጫወቱ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ኦርቪዬቶ ስንነዳ ሞዴና አካባቢ የጎማ መብራት በራ። ማረፊያ ቦታ ገብተን ስናይ የኋላ ግራ ጎማ ላይ ብሎን ተሰክቷል። አባቴ «አላልኩህም?» አላሉኝም፤ ጠርሙሱን ራሳቸው አወጡና መመሪያውን አንብብልኝ አሉ። ፈሳሹ ቀዳዳውን ያዘው፤ ግን በዚያ ሁኔታ ቀስ ብሎ ጥገና ቤት ድረስ መሄጃ እንጂ ሩቅ መንገድ የሚነዱበት አይደለም። በቅርቡ መውጫ ወጥተን አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ጎማ ቤት አገኘን። ለምሳ ተዘግቶ ነበርና እስኪከፈት ድረስ ጥላ ሥር ጠበቅን።

ባለቤቱ የአባቴ እኩያ የሚሆኑ ሰው ናቸው። እኔ ስልኬን አውጥቼ ለማስተርጎም ስዘጋጅ አባቴ ቀድመውኝ ወደ መኪናዋ አመለከቱና «ጎማ» አሉ። «ጎማ፣ ሲ፣ ሲ!» አሉ ሰውዬው። አባቴ «ክሪክ» አሉ። ክሪክ መጣ። መንኮራኩሩ ወለቀ። «ቸርኬ ደህና ነው?» ብለው ብረቱን በጣታቸው ሲነኩት ሰውዬው አማርኛውን ሳይሆን «ቸርኬ»ን ሰምተው አውራ ጣታቸውን አነሡ። ጎማው ከውስጥ እስኪጠገን ሁለቱ ሽማግሌዎች ኮፈኑን ከፍተው ቆሙ። ፍሬን፣ ፍሬኖ። ፍሪሲዮን፣ ፍሪትሲዮኔ። ካንዴላ፣ ካንዴላ። ማርሚታ፣ ማርሚታ። አባቴ አንዱን በጠሩ ቁጥር ሰውዬው ያጸኑታል። መጨረሻ ላይ መኪናዋን መታ መታ አድርገው «ሮዳጅ» ሲሉ ሰውዬው «ሮዳጆ!» ብለው ትከሻቸውን ያዟቸው።

ማታ ሞዴና አድረን ሳለ አባቴ ብዙ አልተናገሩም። ቆይተው «እኔ እነዚህን ቃላት ከአለቃዬ ነው የተማርኩት። አለቃዬ ከማን እንደተማሩ ጠይቄ አላውቅም» አሉ። ጣሊያን በጦር መጥቶ ምን እንዳደረገ እሳቸውም እኔም እናውቃለን፤ የአባቴ አያት ማይጨው ቀርተዋል። ቃላቱ ግን በጥቁር ዘይትና በላብ በእኛ ሰዎች እጅ ያደጉ ናቸው። የአባቴ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለአንድ ሰዓት ያህል ከሌላ ሰው ጋር ተካፈሏቸው።

ኦርቪዬቶን ሠረዝናት። ከሞዴና ሮም 400 ኪሎ ሜትር ስለሆነ የቀን ልካችን ነበር፤ ለሌላ ማረፊያ ጊዜ አልተረፈም። በማግስቱ ከአውራ ጎዳናው ላይ አለቱ ራስ ላይ ተቀምጣ አየናት፤ ልጄ እስክትሰወር ድረስ አንገቷን አዙራ ተመለከተቻት። የእሷ ምርጫ ብቻ መቅረቱ እስካሁን ይቆጨኛል። ኦርቴ ጋ ስንደርስ ቆጣሪው 1,500 ሞላ፤ አባቴ አጨበጨቡ።

ሮም መሀል ከተማ ውስጥ የመኪና መግቢያ በካሜራ የተከለከለ ነው። መኪናዋን ሜትሮ በሚያልቅበት በአናኚና አቁመን በባቡር ገባን። ከልጄ ጋር የቅዱስ ጴጥሮስን ጉልላት 551 ደረጃ ወጥተን ከላይ ሆነን፣ አባ ጎርጎርዮስ የኖሩበትን፣ ከባዚሊካው ጀርባ ያለውን የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አሳየኋት። ጣራው ከዚያ ላይ ትንሽ ነው።

አባቴን ደግሞ ፖርታ ካፔና ወሰድኳቸው። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ የቆመው እዚያ ነበር፤ በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አገሩ ገባ። አሁን በአካባቢው ሁለት ትንንሽ ዓምዶች አሉ። በ1960ው የሮም ኦሎምፒክ ማራቶን ማታ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ እየሮጠ ተፎካካሪውን ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎት የሄደው በዚህ ሐውልት አጠገብ ነው፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ቆንስጣንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። አባቴ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ።

ከዚያ እስከ ቅስቱ ድረስ ያለውን በእግራቸው እንደሚሄዱ ነገሩኝ። ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ ታክሲ ልጥራ ብላቸው እምቢ አሉ። ልጄ እጃቸውን ይዛ፣ በዛፎቹ ጥላ ሥር፣ ሃያ ደቂቃ ፈጀብን። ቅስቱ ሥር ሲደርሱ ቆሙ፣ ወደመጡበት ዞረው ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡና ውሃ ጠጡ።

«መኪናዋ ስንት ሞላች?»

«1,574፣ አባባ።»

«እንግዲህ ስንመለስ ለቀቅ ልታደርጋት ትችላለህ። ፍራንክፈርት ስንገባ ግን ዘይቷን አስቀይር።»