«ቅድም የለቀቃችሁትን!»

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የኤፍኤም ጣቢያ የድምፅ ቴክኒሻን ነኝ። አንድ ቅዳሜ የከተማችን ልጆች ያቋቋሙት ባንድ አዲስ አልበሙን ሊያስተዋውቅ መጣ። አልበሙን ቀድሜ ሰምቼዋለሁ። ሜካፕ በዝቶባት ዘመድ እንኳ የማይለያት ሙሽራ ነው። ሁሉም መሣሪያ እኩል ይጮኻል። የድምፃዊቷ ጉሮሮ በአውቶቲውን ተለስኗል። ይሄ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ሶፍትዌር ሥራው የሳተን ድምፅ ወደ ቅርቡ ኖታ መጎተት ነው። እሷ ደግሞ ትዝታ ስትዘፍን ከኖታ ኖታ የምትሄደው እየተንሸራተተች፣ እያርገበገበች ነው። ጠበቅ አድርገው ሲጭኑት ያንን ሁሉ እንደ ስህተት ቆጥሮ «አረመላት»።

ስቱዲዮአችን ጠባብ ናት፤ ድራም አይገባም።

«ጋሼ፣ እኔስ ምን ልሁን?» አለኝ ድራመሩ።

«ከበሮ ያዛ!»

ቤዙን በቀጥታ ሚክሰሩ ላይ ሰካሁት። ልጅቷን ማይኩ ፊት አቆምኳት። ጀመሩ። ከፍ ያለው ቦታ ላይ ስትደርስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች፤ ለስለስ ሲል ተጠጋች። የጮኸውን ድምፅ ዝቅ የሚያደርገውን የኮምፕሬሰርን ሥራ በእግሯ ሠራችው! እኔም እጄን ሰበሰብኩ። ችክችካው መሃል ላይ ፈጠን አለ፣ አዝማቹ ላይ ረገብ። አልበሙ ላይ በክሊክ፣ ማለትም በጆሮ ማዳመጫ እኩል እኩል በሚመታ ምት ስለተቀረፀ ንቅንቅ አይልም።

ዘፈኑ ሳያልቅ ስልኩ ተጨናነቀ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ድገሙልኝ አለ። ባንዱ ሲወጣ ከአልበሙ ለቀቅንለት። ወዲያው ደወለ።

«ኧረ እሱን አይደለም! ቅድም የለቀቃችሁትን!»

«ያው ዘፈን እኮ ነው» አለችው አዘጋጇ።

«እህቴ፣ አትሸውጂኝ።»

አቀናባሪውን ብዙ አልወቅስም። ድምፁ ከሌላው ዘፈን ካነሰ ባለገንዘቡ ይቆጣል። ግን እኛም ከማሰራጫው በፊት ያነሰውን ከፍ፣ የጮኸውን ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ አለን። ታጭቆ የመጣ ዘፈን እኛ ጋ ሲደርስ ከሌላው በልጦ አይጮህም። ይታፈናል እንጂ። ይሄን ለስንቱ ነገርኩ መሰላችሁ!

ሰኞ የባንዱ መሪ የቅዳሜውን ቅጂ ሊወስድ መጣ። ሰማና «መግቢያው ላይ የጣቢያውን ስም የምትጠራዋን ሴትዮ አውጣልን» አለኝ። ሁሉም አንድ ላይ ተደባልቆ ነው የተቀረፀው፤ አይለይም። ትንሽ አሰበና «በቃ ከነሷ ስጠኝ» አለ።