አይ-አይን በጆሮዬ ያገኘሁበት ሌሊት

ከአዲስ አበባ ወደ ማዳጋስካር ዋና ከተማ አንታናናሪቮ ቀጥታ በረራ አለ። ከዚያ በመኪና ወደ ምሥራቅ፣ ቀጥሎ በጀልባ በፓንጋላን ቦይ እስከ አምፒታቤ ሐይቅ። ይህን ሁሉ መንገድ የሄድኩት አይ-አይ የሚባለውን የሌሊት ሌሙር፣ ማዳጋስካር ብቻ የሚኖር የጦጣ ዘመድ፣ ለማየት ነው።

የመጀመሪያው ሌሊት ከሸፈብኝ። ግንባሬ ላይ ያሰርኩት ባትሪ ኃይለኛ ነበር። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ቶሎ አበራሁበት። ሁለት ብርቱካናማ ዓይኖች ብልጭ አሉና ጠፉ። በቃ። ጨለማ በለመደ ዓይን ላይ ያን ሁሉ ብርሃን መልቀቄ እስካሁን ይቆጨኛል።

በማግስቱ አስጎብኚያችን፣ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፣ «ዛሬ በጆሮህ ፈልገው» አሉኝ። የካሜራዬን ፍላሽ ዘጋሁ። ባትሪዬን አደብዝዤ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የሰማሁት ጥርሱን ነው። ኮኮናቱን ይፍቃል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይፍቃል። ቅርፊቱ ሲበሳ የመሃል ጣቱን ሰደደ። ሽቦ የምታክል ቀጭን ጣት ናት። ወደ ቀዳዳው ገባች፣ ወደ አፉ ወጣች፤ ዓይኔ ሊከተላት አልቻለም።

እኔ ያየሁበት ደሴት ላይ ኮኮናት ስለሚቀርብለት ዱር ውስጥ አየሁት ማለት አልፈልግም። ጫካ ውስጥ ግንዱን በዚያችው ጣት መታ መታ እያደረገ ያዳምጣል። ውስጡ ክፍት የሆነ ቦታ ሲያገኝ እንጨቱን ፍቆ ትሉን ያወጣል። ማዳጋስካር ግንደ ቆርቁር የላትም፤ ሥራውን የያዘው እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጠፍቷል ተብሎ ነበር፤ በ1957 እንደገና ተገኘ። በ1966 ተመራማሪዎች እንዲተርፉ ብለው ዘጠኝ አይ-አዮችን ወስደው ኖሲ ማንጋቤ በምትባል የማዳጋስካር ደሴት ላይ ለቀቋቸው። ዛሬም አደጋ ላይ ነው። ጫካው ለሩዝ እርሻ ይመነጠራል፣ ይቃጠላል። በአንዳንድ መንደሮች ደግሞ ገደ ቢስ ነው ተብሎ፣ ባዩት ቦታ ይገድሉታል። መፍረድ ከበደኝ፤ እኛስ ጉጉት ጣሪያችን ላይ ስትጮኽ ምን ይሰማናል? ግን እናቲቱ በሁለት ሦስት ዓመት አንድ ብቻ ነው የምትወልደው። የአንዱ ሞት ቶሎ አይተካም።

አሁን ለሚሄድ ሰው የምለው ይኼ ነው፦ ቢያንስ ሦስት ሌሊት ያዝ። ደብዛዛ ባትሪ ይበቃሃል። የአካባቢውን ሰው ቅጠር፣ ደህና አድርገህ ክፈል። ጫካው ቆሞ የሚያበላው ሰው ነው ጫካውን የሚጠብቀው።

ጠዋት ኮኮናቱን አንስቼ አየሁት። የቀዳዳው ጠርዝ ላይ የጥርሱ መስመሮች ይታያሉ። ውስጡ ጥርግ ብሏል።